ቡይን ከባሕር አውጥቶ፣ ፈትሾ፣ መልሶ መትከል

ቡይ ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ ምልክት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ባለ መብራት የብረት በርሜል ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን ያለው ከውሃው በታች ነው። መብራቱ ቢጠፋ ይቀየራል፣ ቀለሙ ቢለቅ ይቀባል። ሰንሰለቱ ተበልቶ ከተበጠሰ ግን ቡዩ እየተንሳፈፈ ሄዶ ዐለት ያለበትን ውሃ «ሰላም ነው፣ ግቡ» ይላል። ከቦታው የሸሸ ቡይ ጨርሶ ከሌለ ቡይ ይብሳል። ደክ (የመርከቡ የሥራ ወለል) ላይ ሰው የሚጎዳውም ባብዛኛው ጭነት በተሸከመ ሰንሰለትና ገመድ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ሰንሰለቱ ብዙ፣ ስለ ቀለሙ ጥቂት እንላለን።

አሠራሩ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) የቡይ መርከቦች ነው፤ ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሌላ አገር የቡይ መርከብ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከባሕር ዳሩ የማሪታይም አካዳሚ ወጥታችሁ በውጭ መርከብ ላይ የምትሠሩ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አሜሪካ የጎን ምልክቶችን ቀለም የምትጠቀመው እኛ ከለመድነው በተቃራኒው ነው። ከባሕር ወደ ወደብ ሲገባ ጅቡቲ ላይ ቀዩ በግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ ይቀራል። ኒው ዮርክ ላይ ቀዩ በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ ነው። የአሜሪካ ቀይ ቡዮች ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6)፣ አረንጓዴዎቹ ጎዶሎ ቁጥር (1፣ 3፣ 5) ይጻፍባቸዋል። ቁጥሩ ከባሕር ወደ ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል።

ሁለት ትውልድ መርከብ

የቡይና የመብራት ቤት ሥራ ወደ ኮስት ጋርድ የተዛወረው በ1939 ነው። ከ1942 እስከ 1944 ርዝመታቸው 180 ጫማ፣ ማለትም 55 ሜትር ያህል የሆነ 39 መርከቦች ተሠሩለት። 38ቱ የተሠሩት በሚኒሶታ ዱሉት ከተማ ሲሆን አንዷ ብቻ ሜሪላንድ ከርቲስ ቤይ ነው የተሠራችው። ቀፏቸው በረዶ ለመስበር ታስቦ የተጠናከረ ነው። ፕሮፔለራቸውን በቀጥታ የሚያዞረው የናፍጣው ሞተር ሳይሆን ከናፍጣው ጄኔሬተር ኃይል የሚያገኝ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር፤ ይህ ደግሞ ቡይ አጠገብ ቀስ ብሎ ለመሄድና ቶሎ ወደ ኋላ ለማለት ይመቻል። ብዙዎቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት አገልግለዋል። የመጨረሻዋ አኬሺያ ጡረታ የወጣችው በ2006 ነው፤ ዛሬ ሚሺጋን ውስጥ ማኒስቲ ላይ ሙዚየም ሆና ቆማለች።

የተኳቸው ባለ 225 ጫማዎቹ የጁኒፐር ክፍል መርከቦች ናቸው፤ 16 ሲሆኑ የተሠሩት ዊስኮንሲን ውስጥ ማሪኔት ላይ ነው። ባለ 20 ቶን ክሬን አላቸው፤ ከፊትም ከኋላም መርከቡን ወደ ጎን የሚገፋ ፕሮፔለር አላቸው፤ ከሳተላይት ቦታ እያነበበ መርከቡን አንድ ነጥብ ላይ የሚያቆም ኮምፒውተርም አላቸው። በድሮዎቹ አንድ ፕሮፔለር ብቻ ስለነበረ መርከቡን ቡዩ አጠገብ ማቆም የካፒቴኑ እጅ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩ ሥራውን አቅልሎታል፤ አደጋውን ግን አላነሣውም። ምልክት ቢጠፋበት ወይም አንዱ ገፊ ቢቆም ወዲያው በእጅ የሚረከብ ሰው መሪው ላይ መቆም አለበት።

ከወደብ ሳይወጡ

የቡዩን መዝገብ አውጡ። ከመዝገቡ የምትፈልጉት የተመደበለትን ቦታ፣ የውሃውን ጥልቀት፣ የወለሉን ዓይነት፣ የሰንሰለቱን ውፍረትና ርዝመት፣ የሲንከሩን (ቡዩን ወለል ላይ የሚይዘውን ኮንክሪት) ክብደት፣ የመብራቱን ብልጭታ፣ ባለፈው ጊዜ የተለካውን የሰንሰለት ውፍረት ነው። ወለሉ ጭቃ ከሆነ ለማላቀቅ ጊዜ ያዙ፤ አሸዋ ከሆነ ሰንሰለቱ ተበልቶ እንደሚጠብቃችሁ አስቡ፤ ዐለት ከሆነ ደግሞ ሰንሰለቱ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል።

ለአንድ ትልቅ ቡይ ጉዞ ሙሉ መለዋወጫ ያዙ፤ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ሰንሰለት፣ አንድ ሲንከር፣ ሁለት መዞሪያ፣ ከምታስቡት በላይ ሻክል (ሰንሰለት ከሰንሰለት የሚያያይዝ ብረት) እና የሚዘጋበት ፒን፣ አንድ ሙሉ መብራት፣ ባትሪ። የሚያልቀው ሁልጊዜ ሻክል ነው።

ከዚያ የማንሻውን ዕቃ ፈትሹ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ስለ ክሬን ገመድ የሚለው ግልጽ ነው፦ የብረት ገመዱ አንድ ሙሉ ዙር ሲጠመዘዝ በሚሸፍነው ርዝመት ውስጥ ስድስት የተበጠሱ ሽቦዎች ከተገኙ፣ ወይም በአንድ ጉንጉን ላይ ብቻ ሦስት ከተገኙ፣ ገመዱ ሥራ ያቆማል። የመንጠቆው አፍ ከመጀመሪያው ከ15 በመቶ በላይ ከተከፈተ ወይም ከ10 ዲግሪ በላይ ከተጠማዘዘ ይጣላል፤ አቅንቶ መመለስ የለም። ገመዱን በጨርቅ ይዛችሁ አሂዱት፤ ሽቦው የተበጠሰበት ቦታ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ አትሞክሩት።

ካርታውን ዘርጉና ቡዩ ከተነሣ በኋላ በየት እንደምትወጡና የትኛውን መስመር እንደማታልፉ አሁኑኑ አስምሩ። ይህች የሁለት ደቂቃ ሥራ የአንድ መርከብ ዋጋ አላት። ሜስኪት የምትባለው ባለ 180 ጫማ መርከብ ዲሴምበር 4 ቀን 1989 ሌሊት በሱፒሪየር ሐይቅ፣ ኪዊናው ጫፍ አጠገብ፣ ለክረምቱ የሚነሡ ቡዮችን ትሰበስብ ነበር። ጥልቀት የሌለውን ቦታ የሚያመለክተውን ቡይ ደክ ላይ አውጥታ ብዙም ሳትቆይ በዚያው ቦታ ላይ ወጥታ ቀረች። 53ቱም ሰዎች ተረፉ፤ መርከቧ ግን አገልግሎቷ በዚያው አበቃ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለጠላቂ ዋናተኞች መጎብኛ እንድትሆን እዚያው አካባቢ እንድትሰምጥ ተደረገች። ቡይ ስታነሡ ያነሣችሁት የአደጋውን ምልክት ነው። የሁሉም ሰው ዓይን ደክ ላይ በሚሆንበት በዚያ ሰዓት ቦታና ጥልቀት ከማየት ሌላ ምንም ሥራ የሌለው አንድ ሰው መሪው ቤት ውስጥ ይመደብ። ካርታው ላይ ያሰመራችሁት የማይታለፍ መስመር ሲቃረብ ሰንሰለቱ ውጥርም ቢሆን ይናገር።

መቅረብና ማንጠልጠል

ቡዩን ከሩቅ እዩት። ወዴት እንዳጋደለ፣ ውሃው በየትኛው ጎኑ እየተከፈለ እንደሚያልፍ የፍሰቱን አቅጣጫ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይነግራችኋል። ነፋሱ ሌላ፣ ፍሰቱ ሌላ ከሆነ የመርከቡን ፊት ወደ ኃይለኛው አድርጋችሁ ቅረቡ፤ ያኔ ፍጥነታችሁን በሞተር ትገዛላችሁ። ከኋላ እየተገፋ የሚቀርብ መርከብ ቡዩን ይወጣበትና ሰንሰለቱ ፕሮፔለር ውስጥ ይገባል።

ደክ ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የደክ አለቃው። ክሬን የያዘው ከሱ በስተቀር የማንንም ምልክት አይቀበልም፤ «ቁም!» የሚለው ግን ከማንም ቢመጣ ወዲያው ይፈጸማል። የማያስፈልግ ሰው ከደኩ ይውጣ። የቀሩት ሄልሜት፣ ላይፍ ጃኬት፣ ጓንትና የብረት አፍንጫ ጫማ ይልበሱ።

ቡዩ በቡይ በሩ (በመርከቡ ጎን ቡይ በሚገባበት ክፍት ቦታ) ትይዩ ሲሆን ከላዩ ያለውን ማንሻ ቀለበት በረዥም ዘንግ ማሰሪያ አግቡበትና መንጠቆውን ስጡት። ሰው ቡዩ ላይ ዘሎ ይውጣ የሚለውን ሐሳብ እርሱት። ክሬኑ ሲያነሣ ቡዩ እንዳይወዛወዝ ከግራና ከቀኝ መሪ ገመዶች ይይዙታል፣ ወደ ውስጥ የሚጎትቱት ደግሞ ደኩን አቋርጠው የሚመጡ የዊንች ገመዶች ናቸው። አነሣሡ መርከቡ ከሚንከባለልበት ጋር ይስማማ፦ መርከቡ ወደ ቡዩ ሲያጋድል ትርፉን ገመድ ሰብስቡ፣ ሲመለስ መርከቡ ራሱ ያንሣላችሁ። 8 ጫማ ስፋትና 26 ጫማ ቁመት ያለው የተለመደው ባለ መብራት ቡይ ከ5 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ዛጎልና የባሕር አረም ሲለብስ ደግሞ የበለጠ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ በገመድ የሚያቆመው ሰው የለም። ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉትና እንደገና ጀምሩ።

ደኩ ላይ ሲደርስ በእንጨት ሽብልቅ ትራስ ላይ አስተኝታችሁ፣ ከሁለት ጎን በሰንሰለት አስራችሁ፣ ከዚያ ብቻ ክሬኑን አላቁ። ሰንሰለቱ ገና በቡዩ ሥር ወደ ባሕር ተንጠልጥሏል። ስቶፐር የሚባለው የሰንሰለት ማቆሚያ ቀለበቱን መያዙን የደክ አለቃው በዓይኑ አይቶ «ያዘ» ካለ በኋላ ነው ከቡዩ የሚለየው።

ሰንሰለቱ

በትልልቅ ቡዮች ከቡዩ ሆድ ሥር ሁለት እግር ያለው አጭር ማያያዣ ሰንሰለት፣ ብራይድል፣ አለ። ከሱ ሥር መዞሪያው ይመጣል፤ ቡዩ በነፋስና በማዕበል ሲዞር ሰንሰለቱ እንዳይጠመዘዝ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጥሎ ውሃው መካከል የሚንጠለጠለው ራይዘር፣ ከዚያ ከባሕሩ ወለል እየተነሣ መልሶ የሚወድቀው ቼፍ፣ መጨረሻ ወለል ላይ ተኝቶ እስከ ሲንከሩ የሚደርሰው የታች ክፍል ይመጣል። ሲንከሩ ትልቅ የኮንክሪት ክብደት ነው፤ አናቱ ላይ የብረት ቀለበት አለው።

38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰንሰለት በሜትር 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የሚመጣው በ90 ጫማ ወይም 27.4 ሜትር ቁራጭ ስለሆነ አንዱ ቁራጭ ብቻውን ከ800 ኪሎ በላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ነው፦ ክሬኑ የቻለውን ያህል ይስባል፣ ስቶፐሩ ይይዛል፣ መንጠቆው ወርዶ እንደገና ይይዛል። የወጣው ሰንሰለት ደኩ ላይ በረድፍ፣ እየታጠፈ ይደረደራል፤ ሲመለስ አንዱ ረድፍ ሌላውን ሳይነካ እንዲወጣ።

በታጠፈው ሰንሰለት መካከል አትቁሙ። ስቶፐሩ ቢያመልጥ ሰንሰለቱ በራሱ ክብደት እየተፋጠነ ይሮጣል፤ እግር ማውጫ ጊዜ አይሰጥም። ከተወጠረ ገመድ ፊትም አትቁሙ። የናይሎን ገመድ ሲበጠስ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ሰው ከሚያየው ፍጥነት በላይ ነው።

ሲንከሩ ከጭቃ ሲላቀቅ የሚፈልገው ኃይል ከክብደቱ ብዙ ይበልጣል። ዓመታት የተኛ ኮንክሪት ከሥሩ ውሃ ስለማይገባ ጭቃው ጠርቅሞ ይይዘዋል። እዚህ የሚሠራው መላ ትዕግሥት ነው። ሰንሰለቱን ቀጥ አድርጋችሁ ወጥሩ፣ ያዙ፣ ማዕበሉ መርከቡን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ውሃ ቀስ እያለ ከሥሩ ይግባ። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ካልሆነ መርከቡን ትንሽ ወደ ጎን አንቀሳቅሳችሁ ከሌላ ማዕዘን ሞክሩ። መርከቡ ወደ ጭነቱ ሲያጋድል ማየት ስትጀምሩ አቁሙ፤ በድንገት ሲላቀቅ መርከቡ ወደ ሌላው ጎን ይመታል፣ ደኩ ላይ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ይሄዳል። አልነቃነቅ ካለ ሰንሰለቱን ቆርጦ ሲንከሩን እዚያው መተው ነውር አይደለም። አዲስ ሲንከር ኮንክሪት ነው።

ሌላው ወጥመድ ሲንከሩ ከውሃ ሲወጣ ነው። 5.4 ቶን የሚመዝን ኮንክሪት ውሃ ውስጥ እያለ የሚከብደው 3.1 ቶን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ውሃው ይሸከምለታል። ከውሃው ሲወጣ 2.3 ቶን ይጨምራል፤ ጭቃውም አለ። የክሬኑ መለኪያ ከውሃ በታች ያሳየውን አምኖ ክንዱን አርቆ የዘረጋ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። ሲንከሩ ገና ሳይታይ ክንዱን ወደ መርከቡ አቅርቡ።

መለካትና መወሰን

ሰንሰለቱን እጠቡ፣ ዝገቱን በመዶሻ አራግፉ፣ ከዚያ በካሊፐር ለኩ። ዝገትና ዛጎል ላይ የተለካ ልኬት ሰንሰለቱን ያወፍረዋል። የሚለካው የቀለበቱ ጎን ሳይሆን ሁለት ቀለበቶች የሚነካኩበት ጠርዝ ነው፤ የሚበላው እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለክቶ ለሁለት ማካፈል ፈጣን ነው፣ ግን አንዱ 34 ሌላው 26 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልሱ 30 ይላችኋል። ትንሹን ለብቻው ለኩ።

ከራይዘሩ ጥቂት ቦታ ይበቃል። ቼፉ ላይ ግን በየሜትሩ ሂዱ፣ በጣም የተበላውን እስክታገኙ። ያ ክፍል ማዕበል በመጣ ቁጥር ይነሣል፣ ይወድቃል፣ በየቀለበቱ መካከል የገባው አሸዋም ብረቱን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ቁጥሩን ስታዩ ደግሞ ውፍረትና ጉልበት እኩል እንደማይቀንሱ አስታውሱ፦ 38 የነበረው 30 ሲሆን ውፍረቱ የቀነሰው በ21 በመቶ ነው፤ ብረቱ ግን 38 በመቶ ሄዷል። የመጣያው ልክ ለየውፍረቱ በመመሪያው ሠንጠረዥ አለ። እኛ የምንመክረው ግን ዛሬ ልኩን አልፏል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ እንዳይበቃችሁ ነው። የዛሬውን ልኬት ካለፈው ቀንሱ፣ ለዓመታቱ አካፍሉ፣ እስከሚቀጥለው ጉብኝት ይደርሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በዓመት 3 ሚሊ ሜትር የሚበላ ሰንሰለት ዛሬ ልኩ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ቢያልፍ ለሁለት ዓመት አትተዉት።

ቼፉ ብቻ ከተበላ ሙሉ ሰንሰለት መጣል አያስፈልግም። የተበላውን ቆርጣችሁ በአዲስ ቁራጭ ተኩ፤ ወይም ሰንሰለቱን ገልብጡ፣ ያልተበላው ጫፍ ወለሉ ላይ ሲሠራ የተበላው ቀላል ሥራ ያለበት ቦታ ይሂድ። መዞሪያውን በእጅ አዙሩት፤ ካልዞረ ይቀየር። ያልዞረ መዞሪያ ያለበት ሰንሰለት ተጠማዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ርዝመቱም ስላጠረ ቡዩ በከፍተኛ ማዕበል ይጎተታል።

ሻክሎቹን ዝም ብሎ በብሎን መዝጋት ባሕር ውስጥ አይሠራም፤ ንቅናቄው ይፈታዋል። የኮስት ጋርዱ አሠራር ፒኑን አግሎ መቀጥቀጥ ነው። ፒኑ በኦክሲጅንና አሲታይሊን ነበልባል ብርቱካንማ እስኪሆን ይግላል፤ ከዚያ ሁለት ሰው በተራ በትልቅ መዶሻ ጫፉን እንደ ሚስማር ራስ ጠፍጣፋ እስኪሆን ይመቱታል። ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ከወረደ አቁሙና እንደገና አግሉ፤ የቀዘቀዘ ብረት ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይዘረጋም። የሚመቱት ሰዎች ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ለጎን ይቁሙ። መነጽር ለሁሉም ነው፣ ለሚመታው ብቻ አይደለም።

አካሉና መብራቱ

ዛጎሉን በስክሬፐር፣ የቀረውን በግፊት ውሃ አንሡ። ቡዩ ከውሃ ከወጣ በኋላ ሲደርቅ ዛጎሉ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ይህ ከሁሉ በፊት ይሠራ። የወፍ ኩስ ካለ ሳይደርቅ በውሃ አርሱት፣ ማስክ አድርጉ፤ ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል። አካሉን በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ የታመመው ብረት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ውሃ መግባቱን ቡዩ ገና ሲንሳፈፍ ማወቅ ይቻላል፤ ከመስመሩ በታች ገብቶ ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይታያል።

ባትሪው በአካሉ ውስጥ በተዘጋ ክፍል የሚቀመጥበት ቡይ ካጋጠማችሁ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት የሚግል ነገር ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ያ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ተጠራቅሞ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉ፣ አየር ይውጣ፣ ጠብቁ። የሻክሉ ነበልባልና የባትሪው ሥራ በአንድ ሰዓት አይሠሩም።

የባትሪውን ቮልት ከሶላሩ ነጥላችሁ ለኩ፤ ካልሆነ የምታነቡት የሶላሩን ነው። የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አርፎ 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.0 ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ብልጭታውን ለመፈተሽ የብርሃን መለያ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑትና በሰዓት ለኩ። በየ4 ሴኮንድ የሚያበራ ከሆነ የመጀመሪያውን ብልጭታ «ዜሮ» ብላችሁ ጀምሩ፤ አሥረኛው ላይ 40 ሴኮንድ መሆን አለበት። ከ«አንድ» የጀመረ ሰው 36 ያገኛል፣ ደህናውን መብራትም ያወልቃል። ቀለም፣ ቁጥርና የሚያንጸባርቀውን ፕላስቲክ ስትጨርሱ አንዴ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ፤ ሌላ የምንለው የለም።

መትከል

የሰንሰለቱ ርዝመት ብዙ ጊዜ ከጥልቀቱ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው፤ ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ወደ ሦስቱ ይጠጋል። የሚታሰበውም በከፍተኛው የባሕር ሙላት ነው። ያጠረ ሰንሰለት ቡዩን ወደ ውሃ ይጎትተዋል ወይም ሲንከሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ የረዘመ ደግሞ ቡዩን ከቦታው ያርቀዋል፣ ቼፉንም ያበዛዋል። ጥልቀቱ 12 ሜትር፣ ሰንሰለቱ 36 ሜትር ከሆነ ቡዩ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጠር ከሲንከሩ 34 ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ በነፋስ ቀን ቡዩ ራሱ የተመደበለት ቦታ ላይ ባይገኝ አትደናገጡ፤ ቦታው የሚለካው በሲንከሩ ነው።

ቅደም ተከተሉ የማንሣቱ ግልባጭ ነው፣ በአንድ ልዩነት፦ ሲንከሩ በቡይ በሩ ወጥቶ በስቶፐሩ ላይ ከመርከቡ ጎን ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ቡዩ ቀድሞ ውሃ ላይ ይወርድና ወደ ፍሰቱ ይለቀቃል። ሰንሰለቱ ደኩ ላይ እንደተደረደረ ነው። መርከቡ ወደ ነጥቡ ይቀርባል፣ ሰው ሁሉ ከሰንሰለቱ መንገድ ይወጣል፣ የደክ አለቃው ይህን በስም እየጠራ ያረጋግጣል። ከመሪው ቤት «ልቀቅ» ሲባል ስቶፐሩን የያዘው ሰው በመዶሻ ይመታዋል፣ ወደ ኋላ ይላል። ሰንሰለቱ በነጎድጓድ ወጥቶ ያልቃል። ዝገቱ አቧራ ሆኖ ደኩን ይሞላዋል፤ እስኪጠራ ማንም ወደ በሩ አይጠጋም።

ቦታ ላይ በብዛት የሚሠራ ስሕተት አንቴናው ነው። ሳተላይት የሚነግራችሁ የአንቴናውን ቦታ እንጂ የሲንከሩን አይደለም። አንቴናው ምሰሶ ላይ፣ ሲንከሩ ቡይ በሩ ላይ ነው፤ በመካከላቸው 15 ወይም 20 ሜትር ቢኖር ሲንከሩ ያን ያህል ይሳሳታል፤ መርከቡ ፊቱን ካዞረ ስሕተቱም አቅጣጫ ይቀይራል። ልዩነቱን በሜትር ለክታችሁ መሣሪያው ውስጥ አስገቡ፤ ዕቃ ከተቀየረ በኋላም እንደገና ለኩ። ከሳተላይት በፊት የነበሩት ሰዎች ይህን በሴክስታንት ነበር የሚሠሩት፤ ካርታ ላይ ያሉ ሦስት የየብስ ምልክቶችን መርጠው በመካከላቸው ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች በአንድ ጊዜ ይለኩ ነበር። ዛሬም ጥርት ባለ ቀን እንዲህ ማመሳከር ይጠቅማል። ሳተላይቱ ሲሳሳት ስሕተቱን በራሱ አይነግርም።

ከተለቀቀ በኋላ አትሂዱ። ቡዩ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ሰንሰለቱ በራሱ ላይ አለመጠምጠሙን፣ ውሃው መስመሩ ላይ መሆኑን እዩ። ከሁለት ወይም ከሦስት አቅጣጫ ርቀትና አቅጣጫ ውሰዱ።

ክረምትና መርከቡ ራሱ

በታላላቅ ሐይቆች ላይ በረዶ ቡዩን ይጫነዋል፣ መብራቱን ይሰብራል፣ ሲንከሩን ይጎትታል። ስለዚህ በመኸር መጨረሻ ባለ መብራት ቡዮች ይነሡና አንዳንዶቹ ቀጭንና ጠንካራ የበረዶ ቡይ ይተካቸዋል፤ በጸደይ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ሥራ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በአጭር ቀንና በቀዘቀዘ ደክ ይሠራል። ገመድ ሲበርድ ይደርቃል፣ የሃይድሮሊክ ዘይት ይወፍራል። ክሬኑን ያለ ጭነት ለሩብ ሰዓት አንቀሳቅሳችሁ ካላሞቃችሁ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል።

መርከቡ የሚያረጀው በሰንሰለቱ ነው። የቡይ በሩ ጠርዝ፣ ከሱ በታች ያለው የቀፎው ጎን፣ ስቶፐሩ የተበየደበት ወለል፣ እነዚህን በየመትከያ ወቅቱ በአልትራሳውንድ ውፍረታቸውን ለኩ። በደኩ ላይ ያሉት የውሃ መውጫዎች በዛጎልና በጭቃ እንዳይደፈኑ ከየቀኑ ሥራ በኋላ ይታጠቡ፤ ዝቅ ያለ ደክ ላይ የቀረ ውሃ መርከቡን ያጋድላል። ለ180ዎቹ ዕድሜ መርዘም አንዱ ምክንያት ወፍራሙ ብረት ነው፤ ጨዋማ ባልሆነ የሐይቅ ውሃ ላይ የኖሩት ደግሞ ዝገቱ ቀንሶላቸዋል። ያም ሆኖ በየጊዜው ትልቅ እድሳት ተደርጎላቸዋል። ጁኒፐሮቹም ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተራ በተራ ከርቲስ ቤይ እየገቡ የግማሽ ዕድሜ እድሳታቸውን ሠርተዋል።

መዝገቡ

ከቦታው ሳትነሡ ጻፉ፤ ሲንከሩ የወደቀበትን ቦታ፣ ሰዓቱን፣ የተለካውን ጥልቀት ከባሕሩ ሙላት ጋር፣ ከየክፍሉ ትንሹን የሰንሰለት ውፍረት በየትኛው ሜትር ላይ እንደተገኘ ጭምር፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ የባትሪውን ቮልት። «ሰንሰለቱ ደህና ነው» የሚል መዝገብ ለሚቀጥለው መርከብ አይጠቅምም፤ «ቼፍ፣ ከሲንከሩ 14 ሜትር፣ 33 ሚሊ ሜትር» ይጠቅማል። ቡዩ ተነሥቶ ካልተመለሰ፣ ቦታው ከተቀየረ ወይም መብራቱ ሌላ ብልጭታ ከተሰጠው በዚያው ሰዓት በሬዲዮ ለመርከቦች ይነገራል፤ ቀጥሎ በመርከበኞች ማስታወቂያ ይወጣል።